አሥራ ዘጠኙ ልጆች አልኮረጁም

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይጻፍልኝ። በቆላው ጫፍ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና የተፈተኑ አሥራ ዘጠኝ የሰባተኛ ክፍል ልጆች «ተኮራርጀዋል» ተብለው የዓመት ልፋታቸው ተሰረዘ። መምህራቸውም «መልስ አውጥቶ ሰጥቷቸዋል» ተብሎ ከማስተማር ታገደ። ልጆቹ አልኮረጁም። መምህሩም አልሰጣቸውም። ያን ፈተና የጻፍኩት፣ ያባዛሁትና ያሸግሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አሳምሬ አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤቱንና የትምህርት ቤቱን ስም ግን አልጽፍም። ስም ጠርቼ ሰው ላዋርድ ሳይሆን የተጠመመውን ላቃና ነው የተነሳሁት።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም አስተማሪ ሆናለች። በቀደም ለት ከኮምፒዩተር ያወጣችውን ፈተና ይዛ መጣችና «አያቴ፣ በግማሽ ቀን የሁሉንም አወጣሁ» ብላ ፎከረችብኝ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ጥርት ያለ ነው፤ እጅ አያቆሽሽም።

«ለማን ነው ቀድሞ የሚሄደው?» አልኳት።

«እንዴት ለማን? ለሁሉም ነዋ።»

ጥያቄዬ አልገባትም። እንዳይገባት ያደረግነው እኛው ነን፤ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ እነግራታለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ ጂንካ ተወልጄ እዚያው ባል አግብቼ ሁለት ልጆች ይዤ ቀረሁ። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። የፈተና ክፍሉን ስጠርግ የጽሕፈት መኪናውን አቧራ አራግፋለሁ እያልኩ ፊደሎቹን እነካካ ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ማቴዎስ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ትሰብሪዋለሽ ወይስ ትማሪያለሽ?» አለኝ።

«ካስተማርከኝ እማራለሁ፤ ካላስተማርከኝ እሰብራለሁ» አልኩት።

ሳቀ። በስድስት ወር ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ሰጠሁ።

ጋሽ ማቴዎስ የአሪ ሰው ነው፤ ከደጋው ከገዘር በኩል። እንግሊዝኛን ሚሲዮኖች ዘንድ ተምሮ አስተማሪ ሆነ፤ ከዚያም የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና አዘጋጅ። ዝምተኛ ነበር። ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ቁራጭ እርሳስ ይሰካል፤ ጥያቄ ሲከብደው ያወርደውና መልሶ ይሰካዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሲጽፍበት ግን ጥያቄው አልቋል ማለት ነው።

እንግሊዝኛ የማላውቀውን እኔን ለምን እንደፈለገኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የፊደሉን መልክ ብቻ ነው የማውቀው። እሱ የፈለገውም ያንኑ ነው። ጥያቄ ጽፎ ሲጨርስ ወንበር ስቦ ያስቀምጠኝና ወረቀቱን ፊቴ ይዘረጋዋል።

«መልሱ የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ገምቺ።»

በጣቴ አንዱን እነካለሁ።

«ለምን እሱን?»

«ከሁሉ ይረዝማላ።»

ያኔ ይስቅና መልሱን ያሳጥረዋል። በሌላው ጥያቄ ደግሞ «ከላይ ካለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል» እላለሁ፤ ቃሉን ይለውጠዋል። እኔ የደረስኩበት ጥያቄ ሁሉ ይጣላል ወይ ይታደሳል። «ዘነበች ሳታነብ ካገኘችው ሰነፉም ያገኘዋል፤ ጎበዙ ምን ይጠቀማል?» ይል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ባለማወቄ ሠርቼ በላሁ!

ምንባብ ሲያዘጋጅም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ባቡር የሚያወራ ጽሑፍ ነበር፤ ሰረዘው። «ይህ ልጁን ባቡር አይተሃል ወይ ነው የሚለው፤ እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይ አይደለም» አለ። ስለ ከብት እንዳይጽፍ የቆላው ልጅ ሳያነብ ይመልሰዋል፤ ስለ እንሰት እንዳይጽፍ የደጋው ልጅ ይቀድማል። በመጨረሻ ዝናብ ስለደረሰባት አንዲት ሴት ጻፈ። ጥያቄውን በአማርኛ ነገረኝ።

«ዝናቡ ሲመጣ ሴትዮዋ ምን አደረገች?»

«ተጠለለች።»

«ምንባቡን አላነበብሽም፤ በምን አወቅሽ?»

«ማን ዝናብ ላይ ይገተራል፣ ጋሼ?»

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። በማግስቱ ሴትዮዋ አልተጠለለችም፤ ጥጃዋ ጠፍቶባት ዝናቡ ላይ ቀረች። «አሁን ያላነበበ ይሳሳታል» አለኝ። እኔ ግን ለሴትዮዋ አዘንኩላት።

ሌላው ልማዱ ባርኔጣው ነበር። ሰው በገዛ እጁ ሲያዘጋጅ ትክክለኛውን መልስ ሳያውቀው «ሲ» ላይ ይከምረዋል፤ ልጆችም ይህን ይነቁበታል። ስለዚህ ረቂቁ ካለቀ በኋላ ባርኔጣው ውስጥ እህል ይጨምራል፦ በቆሎ ለ«ኤ»፣ ባቄላ ለ«ቢ»፣ ማሽላ ለ«ሲ»፣ ሽምብራ ለ«ዲ»። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ አንድ ፍሬ አወጣለሁ፤ እሱ በወጣው እህል መሠረት የምርጫዎቹን ቦታ እያቀያየረ በአዲስ ወረቀት ይገለብጣል። ያ ግልባጭ ነው እውነተኛው ፈተና። ረቂቁ ከዚያ ወዲያ ዋጋ የለውም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

ከዚያ የእኔ ሥራ ይጀምራል። ስቴንስል የሚባለው ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የመኪናውን ሪባን ነቅለሽ በባዶ ፊደል ትመቺዋለሽ፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋል። ክብ ፊደልን በኃይል ከመታሽው መሐሉ ቦጭ ብሎ ይወድቅና ወረቀቱ ላይ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ነጥብንማ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው የሚነኩት። ከዚያ ማባዣው ላይ ይለጠፍና እጀታው ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች እንደ መስታወት ይጠራሉ፤ እየቆየ ሰሙ ይላላል፣ ፊደሉ ያብጣል፣ መጨረሻ ላይ ስቴንስሉ ይቀደዳል።

የጋሽ ማቴዎስ ሕግ አንድ ነበር፤ የሩቁ ይቅደም። ጥርት ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች መኪና በሳምንት አንዴ ለሚደርስበት ለቆላው ትምህርት ቤት፤ ቀጥሎ በወይጦ መንገድ ዳር ላሉት፤ ቀጥሎ ለገዘር፤ የደበዘዘው ለጂንካ። «እዚህ ያለ ልጅ ፊደል ቢጠፋበት መምህሩ ሮጦ መጥቶ ይጠይቀናል። እዚያ ያለው ማንን ይጠይቃል?» ይል ነበር። የጂንካ ወላጆች ያጉረመርማሉ፤ እሱ አይሰማም። እኔም አልሰማም።

በኋላ ጊዜው ከፋ። የጋሽ ማቴዎስ ጸሎት ቤት ተዘጋ፤ እሱም በአንድ ስብሰባ ላይ ለምን ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ በመምህርነት ወደ ቆላው ትምህርት ቤት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው። የዓመቱን ፈተና ጨርሶ፣ እህሉን አውጥተን፣ ግልባጩን አሽጎ አስረክቦ ሄደ። ረቂቁ እኔ ሣጥን ውስጥ ቀረ።

የአዲሱ ኃላፊ ስም ይቅር፤ የወለዳቸው ልጆች በሕይወት አሉ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። የሚፈራ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

«ጓድ ዘነበች፣ በፈተናው ሰሞን ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ጥርት ያለው ለጂንካ ይሁን» አለኝ።

«የሩቁ ነው የሚቀድመው፤ ደንባችን ነው።»

«የየትኛው መመሪያ ደንብ?»

የተጻፈ መመሪያ አልነበረም። ከጂንካ ጀመርኩ።

የቆላው ተራ ሲደርስ የጥጃዋ ምንባብ ያለበት የሁለተኛው ገጽ ስቴንስል መሐሉ ላይ ተቀደደ። የቆላው መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ካለፈ ሌላ ሳምንት ነው። ግልባጩ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ኃላፊው ደግሞ ጎብኚዎቹን ሊቀበል ከተማው መሐል ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ ወርዷል። ሣጥኔን ከፍቼ ረቂቁን አወጣሁ። ጥያቄው ያው ነው ብዬ ከረቂቁ ላይ አዲስ ስቴንስል መታሁ። ጥያቄውስ ያው ነበር። የምርጫዎቹ ቦታ ግን እህሉ ሳይወጣ በፊት የነበረው ነው። በገዛ እጄ ከባርኔጣው ያወጣሁትን በቆሎና ባቄላ ጡሩምባው አስረሳኝ። አባዛሁ፣ አሸግሁ፣ ሾፌሩ እጅ ሰጠሁ። ስቴንስሉን እንደ ልማዴ ቀለሙን እንዲመጥልኝ ጋዜጣ ላይ ለጥፌ አነሳሁትና ከአሮጌዎቹ ጋር አቃጠልኩት።

መልሱ ሲታረም የቆላው ልጆች አንደኛውን ገጽ ጥሩ አድርገው ሠርተዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኙም አንድ ዓይነት ስህተት። ኃላፊው የድሮ ወረቀት ሲያገላብጥ ማባዣው አጠገብ የተውኩትን ረቂቅ አገኘና ከልጆቹ መልስ ጋር አስተያየው፤ ልክክ አለ።

«አያችሁ? ማቴዎስ የረቂቁን መልስ ሰጥቷቸዋል! እሱ ራሱ መልሱ መቀየሩን ረስቶት ተያዘ» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

እኔ በሩ አጠገብ ወረቀት እየቆጠርኩ ነበር። የጥያቄ ወረቀቶቹ በደንባችን መሠረት ተሰብስበው ተቃጥለዋል፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ጋሽ ማቴዎስ ነበር። ወደ ማባዣው ክፍል ገብቼ ያን ጋዜጣ ፈለግሁ። አገኘሁት። ገጹ ተገልብጦ ታትሞበታል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን መስታወት አቀረብኩለት፤ ምርጫዎቹ በረቂቁ ተራ ተሰልፈው ታዩኝ።

ጋዜጣውንና መስታወቱን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ሁለት ልጆች አሉሽ፣ አይደል?»

«አሉኝ።»

«ይህ ነገር ስህተት አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። ያዘዝኩሽን እኔን፣ የመታሽውን አንቺን፣ ሁለታችንንም ይበላናል። እኔ ይህን ጋዜጣ አላየሁም። አንቺም አላሳየሽኝም።»

በሳምንቱ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ ማቴዎስ ከቆላ ተጠርቶ መጥቶ፣ ባርኔጣውን እጁ ላይ ይዞ ቆሟል። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ዘነበች፣ ስታባዢ ችግር ነበር?»

ጋሽ ማቴዎስ አየኝ። የሚለምን ዓይን አልነበረም፤ ጥያቄ ሲያስገምተኝ የሚያየኝ አስተያየት ነው።

«አልነበረም» አልኩ።

ሰው ስለ እኔ ኃይለኛ ናት ይላል። ገበያ ላይ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ስሜን ሲሰማ ይሸሻል። ያን ቀን ግን ኃይሌ የት እንደገባ አላውቅም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም።

ጋሽ ማቴዎስ ታግዶ ወደ ገዘር፣ ወደ እርሻውና ወደ ንብ ቀፎው ተመለሰ። ልጆቹ አንድ ዓመት እንዳይማሩ ተወሰነባቸው። በዓመቱ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ ተመለሱ። ያልተመለሱት ከብት ኋላ ቀሩ፤ ብቸኛዋ ሴት ልጅ ማርታ ተዳረች።

ዓመቱን ሙሉ ያን «አልነበረም» ያልኩትን ቃል ይዤ ኖርኩ። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፤ ጋዜጣውን አጣጥፌ ገዘር ወጣሁ። ጋሽ ማቴዎስን ጓሮው አገኘሁት። ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ጋዜጣውንና መስታወቱን ሰጠሁት። ቀና አድርጎ አነበበ። እርሳሱ አሁንም ጆሮው ላይ ነበር።

«ከረቂቁ ነው የመታሽው?»

«ከረቂቁ።»

«ስለዚህ... ስለዚህ ልጆቹ አውቀውታል!»

ጋዜጣውን ወደ እኔ ዘረጋው። «ዘነበች፣ አውቀውታል እኮ! እኔ ዓመቱን ሙሉ ኮርጀው አታለሉኝ ብዬ ተቀየምኳቸው። የጥጃዋን ምንባብ አንብበውታል ማለት ነው! ሴትዮዋ ዝናብ ላይ መቅረቷን አሥራ ዘጠኙም አውቀዋል!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ኮሚቴው ፊት...»

«ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ።» ጋዜጣውን አጣጥፎ መለሰልኝ። «አስቀይመሽኛል። ግን ለእኔ ምንም አትጻፊልኝ፤ እኔ እህል አለኝ፣ ማር አለኝ። ለልጆቹ ጻፊላቸው። ኮራጅ የሚለው በወረቀት የተጻፈ ነው፤ በወረቀት ይሰረዝ።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማመልከቻ አስገባሁ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ የተቀደደውን፣ ረቂቁን፣ «አልነበረም» ማለቴን። የመጀመሪያው ዓመት ወደ ጽዳት መለሱኝና ተመልሼ ጠረግሁ። በኋላ ስቴንስል በደንብ የሚመታ ሰው ሲያጡ ራሳቸው ጠሩኝ። መልሳቸው ይለያያል። አንዱ «ጊዜው አልፏል» አለ። ሌላው «አመልካቿ ባለጉዳይ አይደሉም» አለ። አንዱማ «የተማሪዎቹ ፋይል ምስጥ በልቶታል» ብሎ ጻፈልኝ፤ ምስጡ ቃሉን ከሰው አፍ አልበላውም ብዬ መለስኩለት። እንግሊዝኛ ፈተናውን ከዚያ ወዲህ ሌሎች ያዘጋጁ ጀመር፤ ባርኔጣም እህልም ቀረ። የሩቁን ግን እኔ አስቀድም ነበር። ማን አዘዘሽ ቢሉኝ «መኪናው ቀድሞ ስለሚሄድ ነው» እላለሁ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ጡረታ የምወጣበት ደረሰ። አንድ ለጋ ኃላፊ መጣ። የጡረታ ወረቀቴን ሲያዘጋጅ የማመልከቻዬን ክምር አየ።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ስለ አንድ ገጽ ነው?»

«ስለ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ነው።»

ጋዜጣውን ዘረጋሁለት። መስታወቱን አቀበልኩት። አነበበና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ደብዳቤ ረቂቅ ጻፈ፤ «በማባዣ ሠራተኛዋ ስህተት ምክንያት» ይላል።

«ይሄ አይሆንም» አልኩት።

«እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያመኑት?»

«የእኔን ድርሻ አልሸሽም። የእናንተን ግን አልሸከምም። ከረቂቁ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጻፈው። ተራው እንዲገለበጥ ያዘዘው፣ ማስረጃውንም አይቶ ዝም ያለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እሱንም ጻፈው።»

ጻፈው። በመጨረሻው የሥራ ቀኔ የመታሁት ስቴንስል ያ ደብዳቤ ነው። አንዲት ክብ ፊደል አልወደቀችም። አንዱን ቅጂ ገዘር ለጋሽ ማቴዎስ ላክሁ፤ ግድግዳው ላይ ለጠፈው አሉ። አሥራ ስምንቱን ለየልጆቹ በየሰው እጅ ሰደድኩ። የማርታን ራሴ ይዤ ሄድኩ።

ወይጦ መንገድ ዳር ማሽላና ቅል ስትሸጥ አገኘኋት። ማንነቴን ነገርኳት። ደብዳቤውን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። ሁለተኛ ጊዜ አነበበች።

«ጥጃ የጠፋባት ሴትዮ» አለች። «መልሴ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር። የሁላችሁም ልክ ነበር።»

«ባሌም ኮራጅ ይለኛል፤ ሲናደድ። ዛሬ አነብለታለሁ።» ወረቀቱን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ፣ የጠፋብሽን ዓመት አልመልስልሽም። ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።

ለአንድ ደንበኛ ማሽላ ሰፍራ ሸኘችና ወደ እኔ ዞረች። የእኛ አገር አማርኛ አንቱታ አያውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆኜ ሳለ እንደ እኩያዋ ነው ያናገረችኝ፣ እኔም ወደድኩት።

«ጋሽ ማቴዎስ ሲያስተምረን ከኋላ ወንበር ነበር የሚጀምረው። የፊቶቹ እኔን ያዩኛል፣ ይሰሙኛል ይላል» አለችኝ። «ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰባተኛ ሲደርስ እዚሁ ነው የሚፈተነው። አንቺ ከሥራ ወጥተሻል፤ በቦታሽ ለተተካው ሰው ንገሪው። ከሩቅ ይጀምር።»